አካፋ የያዘ ቱሪስት? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሐምሌ ለአንድ ወዳጄ «ሮማዎች ጋ ልሄድ ነው፤ ቤት ልሠራ» ስለው «በጣም ጥሩ፣ ጫማ እንዳትረሳኝ፣ 42 ቁጥር» አለኝ። ጣሊያን የምሄድ መስሎት ነው። ከተማዋን ሳይሆን ሮማ የሚባለውን፣ ብዙ ሰው «ጂፕሲ» የሚለውን የአውሮፓ ሕዝብ እንደሆነ ሳስረዳው ዝም አለ። ቆየት ብሎ «እነዚያ የሚለምኑት?» አለኝ።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የደረሰኝ አንድ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው እንደኔው አውሮፓ የሚኖሩ ሐበሻ ናቸው። ብዕራቸው ስል ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ አስቀውኛል። የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው። በየዓመቱ ሰዎች ወደ ምሥራቅ አውሮፓ እየሄዱ ለሮማ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ ማዕከል እንገነባለን ይላሉ። ይህ ግን አካፋ ከያዘ ቱሪስት አይለይም፤ ገንዘቡን መላክ ይሻላል። ሮማዎቹም ቢሆኑ ተንከራታች ናቸው፤ የተሠራላቸውን ያፈርሱታል። አውሮፓ ሀብታም ስለሆነች ኃላፊነቱ የመንግሥታቸው ነው። ደግሞ ውሃ ለሌለው ሰው አዳራሽ መሥራት ቀልድ ነው። ከሁሉም በላይ፣ አገሩ እንዲህ ሆና ሳለ ሐበሻ የፈረንጅ ድሃ ልርዳ ብሎ መሄዱ ያሳፍራል።

በአንዱ ነጥብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ በአንዱ ግማሽ በግማሽ። በተቀሩት አልስማማም። የእሳቸውን ቅደም ተከተል አልጠብቅም፤ ቀለል ያለውን ቶሎ ልጨርስና ከበድ ያለው ላይ ልቆይ።

በቅድሚያ ስለራሴ። የምኖረው ቪየና ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ግንበኛ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ቱንቢ ያስይዘኝ ነበር። ባለፈው ሐምሌና ነሐሴ ሦስት ሳምንት በምሥራቅ ስሎቫኪያ፣ ስፒሽ በሚባለው አካባቢ፣ ከአንድ መንደር ዳር ባለ የሮማ ሰፈር ውስጥ ሠርቻለሁ። የመንደሩን ስም አልጠራም። ሰዎቹ የሰፈራቸው ስም በተነሳ ቁጥር ለወሬ መሆኑ ሰልችቷቸዋል።

ጸሐፊው የጀመሩት በተረት ነው፤ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች»። እናቴም ትወደዋለች፤ በተለይ ጎረቤት ቤት ወሬ ይዤ ስቆይባት። እዚህ ግን አልገጠመም። ለአገር ቤት የምልከውን አላቋረጥኩም፤ የእድር መዋጮም አላጓደልኩም። የሰጠሁት የዓመት ፈቃዴን ነው። ያንን ፈቃድ ክሮኤሺያ ባሕር ዳር ተጋድሜ ባሳልፈው ኖሮ ማንም አይተርትብኝም ነበር።

ደግሞስ ሌላው ዓለም በዚህ ተረት ቢመራ እኛ ምን ይውጠን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የፒስ ኮር መምህራን ከአሜሪካ ኢትዮጵያ ሲገቡ ከ270 በላይ ነበሩ። በዚያን ሰዓት በአሜሪካ ደቡብ ክፍል ጥቁሩ ለመምረጥ ልመዝገብ ሲል ይደበደብ ነበር። የራሳቸው ድስት አርሮ ጢሱ ይታይ ነበር። ግን ከወላጆቻችን ትውልድ እንግሊዝኛን ከእነሱ አፍ የተማረው ስንቱ ነው? ስዊድኖቹም አሉ። በዚያው በ1960ዎቹ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሆነው በየገጠሩ ትምህርት ቤት አሠርተዋል። ሕዝቡ ገንዘብና ጉልበት ያዋጣል፣ ስዊድን ቀሪውን ትሸፍናለች፣ ወጣት በጎ ፈቃደኞቿ ሥራውን ይከታተላሉ። ያን ጊዜ አንድ ስዊድናዊ «የሐበሻ ትምህርት ቤት ምን አገባን» ብሎ ጽፎ ይሆናል። እንኳን አልሰሙት።

«የፈረንጅ ድሃ» የምትለዋንም እዚሁ ልዝጋት። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰፈሩ ሁለት ወጣቶች ጋር ወደ ከተማ ወረድን። ሱፐርማርኬት እንደገባን ጥበቃው ከኋላችን መጣ። ዳቦ ጋ ስንቆም ይቆማል፣ አይብ ጋ ስንሄድ ይሄዳል። አንደኛው ልጅ ወደኔ ዘንበል ብሎ በተሰባበረ ጀርመንኛ «ዛሬ የሚከተለው አንተን ነው እኔን?» አለኝ። ሳቃችን ሊያፍነን ነበር። ጥበቃው ይበልጥ ተጠጋ። ከዚያ በኋላ ስለ ፈረንጅነት ብዙ ማውራት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ አካፋው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሹም ያማል።

ከአራት አገር የመጣን 14 ሰዎች ነበርን። ግንባታ በእጁ የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ የኔም ሙያ ሽቦ እንጂ ብሎኬት አይደለም። የመጀመሪያው ሰኞ የጓዳውን ግድግዳ ጀመርን። ፀሐይ ነበር፣ ዘፈን ነበር፣ ፎቶ ነበር። እስከ ምሳ አምስት ረድፍ ደረደርን። ከምሳ በኋላ የሰፈሩ ግንበኛ መጡ። ወደ 60 የሚጠጉ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ማይስተር» ነው የሚላቸው። ውሃ ልካቸውን ግድግዳው ላይ አጋደሙ። አረፋዋ አንድ ጥግ ሄዳ ተለጠፈች። ምንም አላሉም። ከጆሯቸው ላይ ሲጋራ አውርደው ለኮሱ። ከዚያ በመዶሻቸው እጀታ ቀስ ቀስ እያደረጉ የላይኞቹን ሦስት ረድፎች አነሷቸው። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር። ብሎኬቱን አንድ በአንድ ጠርገው እንዳይባክን ጎን አስቀመጡት። አባቴ ትዝ አለኝ። እሱ ቢሆን ይሳደብ ነበር።

በማግስቱ ሥራው ተገለበጠ። ግንባታውን ማይስተርና ከሰፈሩ የተቀጠሩ አራት ሰዎች ያዙት፤ በውልና በደመወዝ። እኛ የቀን ሠራተኛ ሆንን። አሸዋ ማቅረብ፣ ሚክሰር መመገብ፣ ብሎኬት ማቀበል፣ ፌሮ መቁረጥ፣ ማታ ዕቃ ማጠብ። ከመጀመሪያዋ ሰኞ ጀምሮ እንዲህ መሆን ነበረበት። አዘጋጆቹ የሰፈሩ ወንዶች ግማሾቹ ግንበኛ መሆናቸውን እያወቁ እኛን ግድግዳ ላይ ማቆማቸው ጥፋት ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያዩ ለጽሑፋቸው ሁለት ገጽ ይጨምሩ ነበር፤ ልክም ነበሩ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ፎቶ መነሳትን ሲነቅፉም ልክ ናቸው። አፍንጫው ያልተጠረገ ልጅ አቅፎ ፎቶ የተነሳ ሰው፣ ያንኑ ፎቶ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ሳያስፈቅድ ይነሳው እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ግን ሦስቱ ሳምንታት ምን ጠቀሙ? አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማይስተር ጀርመንኛ ይናገራሉ። የት እንደተማሩት ብጠይቃቸው «አንተ አገር» አሉኝ። «አዲስ አበባ?» ልል ነበር፤ ቪየና ማለታቸው ነው። ለዓመታት እየተመላለሱ ቪየና ግንባታ ላይ ሠርተዋል። እኔ የምኖርበትን ጎዳና ነገርኳቸው። ጥግ ላይ ያለውን ቢጫ ሕንጻ ያውቁታል፤ ልስኑን ከለሰኑት አንዱ ናቸው። በየቀኑ በሥሩ ነው የማልፈው። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። እሳቸው በለሰኑት ሰፈር ተቀምጬ እሳቸውን ልረዳ ሄድኩ።

ገንዘቡን ላኩት ለሚለው ደግሞ፣ የሄድኩት በባቡር ነው፤ በቲኬቱ የሚገዛው ሲሚንቶ ለአንድ ቀን ሥራ አይበቃም። ውቅያኖስ ተሻግሮ በአውሮፕላን ለሚመጣው ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። ከመሄዴ በፊት የሥራ ባልደረቦቼ 1,100 ዩሮ አዋጥተውልኛል። ያዋጡት እኔ ስለሄድኩ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ «ለማላውቃቸው ሰዎች ገንዘብ ስጡኝ» ብላቸው ኖሮ ቡና እንኳ አይጋብዙኝም ነበር። ሰው ገንዘቡን የሚሰጠው ለሚያውቀው ሰው ነው። እድር ውስጥ ያለ ሁሉ ይህን ያውቃል።

እንዲህ ያለው የሥራ ካምፕ ሲጀመርም ጉልበት ስለጠፋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920 ፒየር ሴሬሶል የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቬርደን አጠገብ የፈረሰች የፈረንሳይ መንደር ለመጠገን ሰው ሰበሰበ። ከመጡት ውስጥ ጀርመኖች ነበሩበት። ፈረንሳይ አካፋ የሚይዝ ሰው አጥታ አይደለም። ነገሩ ትናንት የተተኳኮሰው ሰው ዛሬ አንድ ጋሪ አብሮ እንዲገፋ ነው። የኛም ሰፈር ላይ ያየሁት ይኼንኑ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከታች ከመንደሩ፣ ሮማ ያልሆኑ ሁለት ስሎቫኮች የራሳቸውን ጋሪ ይዘው መጡ። አንደኛው እዚያ መንደር ተወልዶ አድጓል። ሰፈሩን ረግጦት የማያውቅ ሰው ነው። ርቀቱ 800 ሜትር ነው። ለምን እንደመጣ ስጠይቀው «ኢትዮጵያዊ መጥቷል ሲሉ ልየው ብዬ ነው» አለኝ። ለዚህም ጠቀምኩ ማለት ነው።

ያናደደኝ ቀጣዩ ነው፤ ተንከራታች ናቸው፣ ቢሠሩላቸውም ያፈርሱታል የሚለው።

ጸሐፊው «ጂፕሲ» ነው የሚሏቸው። ስሙ ራሱ ከስህተት የተወለደ ነው፤ እንግሊዞች ከግብፅ የመጡ መስሏቸው ያወጡት። የመጡት ከሰሜን ህንድ ነው፤ ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት። ቋንቋቸው እስከዛሬ ይመሰክራል። ውሃ በሮማኒ «ፓኒ» ነው። የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሐበሻ ይህችን ቃል አይስታትም። ሚክሰሩ ላይ የቆመው ልጅ «ፓኒ! ፓኒ!» ብሎ ሲጮህብኝ ማንም ሳይተረጉምልኝ ነው ባልዲ ይዤ የሮጥኩት። ልጁ ደነገጠ። ሲኒማ ቤት የተማርኩት መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

መንከራተቱን በተመለከተ፣ የስሎቫኪያ ሮማዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ከተቀመጡ መቶዎች ዓመታት አልፈዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ትገዛ የነበረችው የሐብስቡርጓ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ፈረስና ጋሪ እንዳይኖራቸው ከልክላ ነበር። ልጆቻቸው ተወስደው ሌሎች ቤተሰቦች ዘንድ እንዲያድጉም አዝዛለች። እ.ኤ.አ. በ1958 የቼኮዝሎቫኪያ ኮሚኒስቶች ለተቀሩት ጥቂት ተንቀሳቃሾች ሕግ አወጡ፤ መንከራተት ወንጀል ሆነ። የሚኖሩበት ሰፈር ለምን ከመንደሩ ተነጥሎ ጫካው ሥር እንደሆነ ማይስተርን ጠየቅኳቸው። «የአያቴ ቤት ታች መንገዱ ዳር ነበር» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1941 የናዚ አጋር የነበረው የስሎቫኪያ መንግሥት በዋና መንገድ ዳር ያሉ የሮማ ቤቶች እንዲነሱና ከመንደር ርቀው እንዲሰፍሩ አዝዞ ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ በመኪና የሚያልፈው ሰው «ለምን ከሰው ተነጥለው ይኖራሉ?» ይላል።

ይህ እንግዲህ ቀላሉ ነው። በዛሬዋ ሮማኒያ ግዛት ሮማዎች እስከ 1850ዎቹ አጋማሽ ባሪያ ነበሩ። ባለቤቶቻቸው መሳፍንት ብቻ አልነበሩም፤ ገዳማትም ነበሩ። ናዚዎች ደግሞ ከየአገሩ በመቶ ሺዎች ፈጁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1944 በአውሽቪትስ የሮማ ቤተሰቦች ካምፕ የቀሩትን ወደ 4,300 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ በአንድ ሌሊት በጋዝ ገደሏቸው። ምዕራብ ጀርመን ይህን የዘር ማጥፋት ነው ብላ ያመነችው በ1982 ነው። በቅርቡም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ሮማኒያ ውስጥ የክሉዥ ከተማ ከመሃል ከተማ ወደ 76 የሚሆኑ ቤተሰቦችን በብርድ አንስቶ ፓታ ርት የሚባል ቆሻሻ መጣያ አጠገብ አሰፈራቸው። ቆሼን የሚያውቅ አዲስ አበቤ ይህን ማስረዳት አይፈልግም። ተንከራታች ይሉናል ጸሐፊው። ተነሱ የሚላቸውን አልቆጠሩትም።

ለአፍራሽነታቸው ማስረጃ ብለው ያመጡት ስሎቫኪያ ውስጥ ኮሺትሴ ከተማ ያለውን ሉኒክ 9 የሚባል የሮማ ሰፈር ነው። ፎቶውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። መስኮት የሌላቸው ፎቆች፣ ሥሩ ቆሻሻ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ጳጳስ ፍራንሲስ ሄደው የጎበኙት ነው። ሉኒክ 9 ሲሠራ የሮማ ብቻ አልነበረም፤ ወታደሮችና ፖሊሶችም ነበሩበት። ሌሎቹ እየወጡ ሄዱ። ከተማው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኪራይ መክፈል ያቃተውን ሮማ ሁሉ እዚያ ከመረው። ለ2,500 ሰው ገደማ በተሠራ ሰፈር እጥፉን አስገቡበት። ውሃና መብራት ተቋረጠ፣ ሊፍቱ ቆመ። ቦሌ ያለ የትኛውም ኮንዶሚኒየም ውሃው ተቋርጦ፣ በየክፍሉ ሦስት ቤተሰብ ገብቶበት አሥር ዓመት ቢቆይ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ኮሚቴ አቋቁመን እንኳ ደረጃ መብራት ለመቀየር ስድስት ወር ይፈጅብናል።

ከኮሺትሴ ብዙም ሳይርቅ ራንኮቭትሴ የሚባል መንደር አለ። እዚያ የሮማ ቤተሰቦች አነስተኛ ብድር ወስደው፣ መሬቱን በሕጋዊ መንገድ ይዘው፣ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሠርተዋል። ባለሙያ ያግዛቸዋል፤ ብሎኬቱን የሚደረድሩት ግን እነሱ ናቸው። ጸሐፊው ይህን አላነሱትም። የሠራውን ማን ያፈርሳል? ማይስተርን አይታችኋቸዋል፤ የሌላ ሰው ጠማማ ብሎኬት እንኳ ጠርገው ነው ያስቀመጡት።

ሐበሻ አንባቢ ይህን ታሪክ ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ማረሻውን ከቀጥቃጩ ይገዛል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። እንጀራው የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችውን ሴት «ቡዳ» ይላታል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነው። ላሊበላዎችስ? ጎህ ሳይቀድ በራችን ላይ ሲያዜሙ ሳንቲም ሰጥተን ምርቃት እንቀበላለን። የት እንደሚያድሩ ጠይቀን እናውቃለን? የማይስተር አያት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ምስማርና የፈረስ ኮቴ ብረት ይሠሩ ነበር። እኛ አገር ስለ ቀጥቃጭ ምን እንደሚባል አንድ ማታ ነገርኳቸው። ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል አልኳቸው። ማይስተር ሳቃቸው አላቆም አለ። «ሌባ ብለውናል፣ ጠንቋይ ብለውናል፤ ጅብ ግን አላሉንም» አሉ። በነጋታው ጠዋት ሥራ ቦታ ስገባ ከሚክሰሩ ጀርባ ሆነው እንደ ጅብ ጮኹብኝ።

የመንግሥት ኃላፊነት ነው የሚለው ላይ አንድ ቃል አልቃወምም። ነው። መንግሥት ያጠፋውን መንግሥት ይመልስ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ቼክ ሪፑብሊክ ላይ ፈርዷል። ኦስትራቫ ውስጥ 18 የሮማ ልጆች የአእምሮ ዘገምተኛ ተብለው ልዩ ትምህርት ቤት መግባታቸው አድልዎ ነው ብሎ። ይህን በጎ ፈቃደኛ አካፋ አያስተካክለውም። ግን «መንግሥት» ስንል ማን ማለታችን ነው? የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከብራስልስ ይነሳና ከንቲባው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ማመልከቻውን መጻፍ ያለበት እሱ ነው። መራጩ ደግሞ ታች ያለው መንደር ነው። ለሮማ ሰፈር ውሃ አስገባ የተባለ ከንቲባ በሚቀጥለው ምርጫ ስንት ድምፅ እንደሚያጣ ያሰላል። የደፈሩም አሉ። እዚያው ስፒሽ ውስጥ ስፒሽስኪ ህርሆቭ የሚባል መንደር የራሱን የግንባታ ድርጅት አቋቁሞ ሮማዎችን ቀጥሯል፤ በዚህም በአገሩ ስሙ የታወቀ ነው። ይህን የጀመረው ከንቲባ ደጋግሞ ተመርጦ ነበር። አንድ መንደር ግን አገር አይደለም።

የመጨረሻውና ጠንካራው ክርክራቸው ውሃ ለሌለው ሰው አዳራሽ ምን ያደርግለታል የሚለው ነው። ከመሄዴ በፊት እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው። ቁጥሩም ከእሳቸው ጋር ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመሠረታዊ መብቶች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባጠናቸው አገሮች ከ100 ሮማዎች 22ቱ ቤታቸው ውስጥ የቧንቧ ውሃ አልነበራቸውም። ከ10ሩ 8ቱ ለድህነት የተጋለጡ ነበሩ። እኛ የነበርንበት ሰፈር ውስጥ ለሁሉም ያለው አንድ የእጅ ፓምፕ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጆች የፕላስቲክ ጀሪካን በጋሪ እየገፉ ይሰለፋሉ። ቢጫ ጀሪካን ነው። ቢጫነቱን ሳይ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም።

ታዲያ ቤቶቹ ለምን ውሃ የላቸውም? መሬቱ ባለቤቱ አይታወቅም፤ ወይም ባለቤቶቹ ብዙ ናቸው፣ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ አሜሪካ ናቸው። ካርታ የሌለው ቤት አድራሻ የለውም። አድራሻ ለሌለው ቤት የውሃ ድርጅቱ ቆጣሪ አይሰጥም። የጨረቃ ቤት የሠራ ሰው ይህን በቃሉ ይወጣዋል። ማዕከሉ ግን የተሠራው የማዘጋጃ ቤቱ በሆነ ቁራሽ መሬት ላይ፣ በፈቃድ ነው። የሕዝብ ሕንጻ ስለሆነ ውሃ የግድ መግባት ነበረበት። ቧንቧው ከመንደሩ 800 ሜትር ተቆፍሮ የመጣው ለአዳራሹ ነው። አሁን ዋናው መስመር ሰፈሩ መሃል አለ። ካርታቸው ያለቀላቸው ሦስት ቤቶች ለመቀጠል አመልክተዋል። ውሃው አዳራሹን ተከትሎ መጣ እንጂ አዳራሹ ውሃውን አልተካም።

ደግሞም አዳራሽ ብቻ አይደለም። ሁለት ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው፣ ሁለት ሻወር አለው። ደብዳቤ የሚነበብበትና ቅጽ የሚሞላበት ትንሽ ቢሮ አለው። ስሎቫኪያ ከ2021 ጀምሮ የአምስት ዓመት ልጅ ሁሉ መዋዕለ ሕፃናት እንዲገባ በሕግ አስገድዳለች፤ የመንደሩ መዋዕለ ሕፃናት ግን ቦታ ሞልቷል ይላል። አንዱ ክፍል ለዚያ ነው።

ትልቁን ክፍል ለምን እንደፈለጉት ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እኔ ለሠርግ መስሎኝ ነበር። በምሳ ሰዓት አንዲት እናት ማሪክሊ እየጋገሩ ነገሩኝ። ማሪክሊ ያው የኛ ቂጣ ነው፤ ምድጃው ላይ በቀጥታ ይጋገራል፣ ትኩሱን በእጅ ተቆርሶ ይበላል። ሰው ሲሞት ሬሳውን ብቻውን አይተዉም አሉኝ። እስኪቀበር ሌሊቱን ዘመድ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ያወራል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ያለቅሳል። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ባለፈው ክረምት ባለቤታቸው ሲሞቱ ለቀስተኛው በረዶ ላይ ቆሞ ነው ያደረው። «አንተ አገር የት ነው የሚቀመጡት?» አሉኝ። ስለ እድር ድንኳን ነገርኳቸው። አግዳሚው ወንበር፣ ሲኒው፣ ረከቦቱ፣ ሦስት ቀን ማስተዛዘኛው። የማዋጣውን በዩሮ ሳይቀር ጠየቁኝ። በምጣዱ ላይ ያለው እስኪያርር ነው የሰሙኝ። አዳራሽ ቅንጦት ነው የሚሉት ጸሐፊ ለቀስተኛ አስተናግደው እንደሚያውቁ አልጠራጠርም። ድንኳኑ ባይኖርስ ብለው ያስቡት።

አንድ ነገር ግን ጽፈዋል፤ እሱን አልፌው መሄድ አልችልም። እንዲህ ያሉ ማዕከሎች ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይዘጋሉ ይላሉ። እውነት ነው። በሁለተኛው እሑድ ጎረቤት ያለ ሌላ ሰፈር ወስደውኝ አይቻለሁ። ከኛው የሚያምር ሕንጻ፣ በሩ ላይ ሰንሰለት። መስኮቱ ላይ የፕሮጀክቱ ሰሌዳ ፀሐይ አንጥቶት ተንጠልጥሏል። ውስጡ ወንበሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል። ቁልፉ የት ነው ስል ታች ቢሮ ነው አሉኝ። ለመክፈት ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን የሚቀበለው ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው የሚገኘው። ያንን ሕንጻም በጎ ፈቃደኞች ናቸው የቀቡት።

ስለዚህ ጸሐፊውን አንድ ነገር ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል። በጎ ፈቃደኞቹ ከየት መጡ፣ በምን መጡ፣ ነጭ ናቸው ጥቁር፣ ይህን ሁሉ ቆጥረዋል። ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ግን የትም ቦታ አልጠየቁም። እኛ ዘንድ ይህ ጉዳይ ከግድግዳው የበለጠ ጊዜ ወስዷል። ሁለት ማታ ሙሉ ጭቅጭቅ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ እኔ ጋ ይሁን አለ፤ አዘጋጆቹም ሊስማሙ ምንም አልቀራቸውም። ሴቶቹ እምቢ አሉ። «ሰው የሚሞተው ማክሰኞ ብቻ ነው?» ያሉት እኚያው ማሪክሊ የጋገሩልኝ እናት ናቸው። በመጨረሻ ሦስት ቁልፍ ተቀረጸ። ሁለቱ ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጋ ነው፣ አንዱ ማዘጋጃ ቤት። እኔ በዚያ ክርክር ውስጥ ያደረግኩት ነገር የለም። ቋንቋውንም አልሰማም ነበር። ቡና ነው ያፈላሁት፤ እሱንም ጥቁር ጢስ አድርጌ።

ባለፈው ሳምንት ማይስተር ፎቶ ልከውልኛል። ልስኑ አልቋል፣ ቀለሙ ነጭ ነው፣ መብራቱም በርቷል። የመጀመሪያዋ ሰኞ የደረደርነውን ግድግዳ ፈለግኩት፤ ማይስተር ሳያፈርሱ የተዉትን የታችኞቹን ሁለት ረድፎች። አላገኘሁትም። የት ሄደ ብዬ ጻፍኩላቸው። ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ነው ብለው መለሱልኝ፤ ማሽኑን ሆን ብለው እዚያ እንዳስቆሙት።